በሽታቸውን አልደበቁም፤ መድኃኒቱስ የታለ?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ሰው። ጥሩ ብሏል። እኛ ግን ዛሬ ተረቱን ገልብጠን መጠየቅ አምሮናል፦ በሽታውን ያልደበቀስ? አሥር ዓመት ሙሉ «እግሬን እሳት ይለበልበኛል» እያለ በየሆስፒታሉ የተናገረውስ? ለሐኪም የነገረ፣ ለነርስ የነገረ፣ ለንስሐ አባቱ ወይም ለሼኩ የነገረ፣ ሌሊት ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ለፈጣሪው የነገረ ሰውስ? ለእሱ መድኃኒቱ የታለ?

የምናወራው ሕብለ ሰረሰራቸው ስለተጎዳ ሰዎች ነው። መኪና ተገልብጦባቸው፣ ከሕንፃ ሥራ ላይ ወድቀው፣ በጥይት ተመትተው፣ አንገታቸው ወይም ጀርባቸው ውስጥ የሚያልፈው ያ የነርቭ ገመድ ስለተጎዳባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ15 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከዚህ ጉዳት ጋር ይኖራሉ። ስለ እነሱ ሲወራ ግን ወሬው ሁሉ አንድ ነው፤ «ይራመድ ይሆን?» ዘመድ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ጎረቤት የሚጠይቀው ይህንን ነው። ቴሌቪዥኑም የሚያሳየን ዊልቸሩን ነው። ካሜራ ሕመምን ማንሳት አይችልምና ሕመሙ ከዜናው ውጭ ይቀራል።

እውነቱ ግን ይህ ነው። ይህ ጉዳት ከደረሰባቸው ሰዎች ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ሥር የሰደደ ሕመም አለባቸው። ከሦስቱ የአንዱ ያህል ሕመም ደግሞ ብርቱ ነው፤ እንቅልፍ የሚነሳ፣ ሥራ የሚያስተው፣ ከሰው የሚያጣላ። «መራመድና ከሕመሙ መገላገል አንዱን ምረጥ» ቢባል ሁለተኛውን የሚመርጠው ቁጥሩ ቀላል አይደለም።

«እንዴ! ከወገቡ በታች አይሰማውም አይደል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ይህን የሚለው ሰፈርተኛ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ነጭ ጋዋን የለበሰም ይላል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። የተጎዳው የነርቭ ገመድ ዝም አላለም። ከጉዳቱ በላይና አጠገቡ ያሉት የነርቭ ሕዋሳት ሥርዓታቸውን ያጣሉ፤ ማንም ሳይነካቸው መልእክት ይልካሉ፤ አንጎልም መልእክቱን «እግርህ እየተቃጠለ ነው» ብሎ ያነበዋል። ስለዚህ መርፌ ቢሰካበት የማይሰማው እግር ሌሊት እንደ ፍም ይነድዳል። ይህ ቅዠት አይደለም፤ የነርቭ ሕመም ይባላል። ጡንቻ ሲዝል ወይም አጥንት ሲሰበር ከምናውቀው ሕመም ጋር ዱባና ቅል ናቸው፤ አበቃቀላቸው ለየቅል። ለዚህም ነው ፓራሲታሞሉም ሆነ ሌላው የራስ ምታት ክኒን እዚህ ላይ ሲደርስ ውኃ የሚሆነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ለዚህ ሕመም የሚታዘዙት መድኃኒቶች በእርግጥ ተፈትነዋል ወይ? በማን ተፈተኑ? ለማንስ ተብሎ?

ጋዜጠኝነት ስንማር መጀመሪያ የተሰጠን ነገር ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት የምትል የጥያቄ መዓት ነች። ፖለቲከኛ ሲናገር ጥያቄዎቹን እናወጣቸዋለን። ክኒን ሲመጣ ግን ኪሳችን እንከታቸዋለን። ለምን? ነጭ ጋዋንና ላቲን ስላስፈራን ይሆን? እስቲ ዛሬ እናውጣቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማን ከፈለ?

በዚህ ሕመም ላይ ከሁሉ ይልቅ በደንብ የተፈተነው መድኃኒት ፕሪጋባሊን ነው፤ ሊሪካ በሚለው የንግድ ስሙ ይበልጥ ይታወቃል። በ2006 የታተመው የመጀመሪያው ትልቅ ሙከራ አውስትራሊያ ውስጥ የተካሄደ ሲሆን 137 ሰዎች ተሳትፈውበታል። ሁለተኛው በ2013 ታተመ፤ በበርካታ አገራት 220 ሰዎች ነበሩበት። በእነዚህ ላይ ተመሥርቶ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2012 መድኃኒቱ ለሕብለ ሰረሰር ጉዳት ሕመም እንዲታዘዝ ፈቀደ። በአሜሪካ ለዚህ ሕመም ተብሎ የተፈቀደ የመጀመሪያው መድኃኒት መሆኑ ነው። የሁለቱንም ሙከራ ወጪ የሸፈነው ያኔ መድኃኒቱን ይሸጥ የነበረው ፋይዘር ነው።

ከፋዩ ሻጩ በመሆኑ ብቻ ውጤቱ ውሸት ነው አንልም። እንዲህ ያለ ድምዳሜ ስንፍና ነው። ግን ሻጭ የሚከፍለው ሻጭ ለሚፈልገው ጥያቄ ነው። ሻጭ የሚፈልገው ጥያቄ ደግሞ «የእኔ ክኒን ከምንም ይሻላል ወይ?» የሚል ነው። የታካሚው ጥያቄ ሌላ ነው፤ «ካሉት ሁሉ የትኛው ይሻለኛል? በአቅሜ የማገኘውስ የቱ ነው?»

ከምን ጋር ተነጻጸረ?

በአውስትራሊያው ሙከራ ሰዎቹ በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሹ ፕሪጋባሊን ወሰደ፤ ግማሹ ፕላሴቦ፣ ማለትም መድኃኒት መስሎ መድኃኒት ያልሆነ ክኒን ወሰደ። ታካሚውም ሐኪሙም ማን ምን እንደወሰደ አያውቁም። ከዜሮ እስከ አሥር በሚለካው መለኪያ የፕሪጋባሊኖቹ ሕመም ከ6.54 ወደ 4.62 ወረደ። የፕላሴቦዎቹ ከ6.73 ወደ 6.27 ብቻ። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ ልንክደው አንፈልግም። ለተቃጠለ ሰው ሁለት ነጥብ መውረድ ማለት የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ሊሆን ይችላል።

ነገር ግን 4.62 ዜሮ አይደለም። ክኒኑን ከወሰዱ በኋላም ሰዎቹ በአማካይ የመለኪያውን ግማሽ ያህል ታመዋል። ከጎኑም ድብታና ማዞር ይመጣል፤ በሙከራው ከሁሉ በላይ የታዩት የጎንዮሽ ጉዳቶች እነዚህ ናቸው። በእግሩ ለሚሄድ ሰው ድብታ ማለት ድብታ ነው። በክንዱ ጉልበት ከአልጋ ወደ ዊልቸር ለሚሻገር ሰው ግን ማዞር ማለት መውደቅ ማለት ነው። አማካይ ቁጥር ይህን አይነግራችሁም።

አሁን ወደ ድሃው ክኒን እንምጣ። አሚትሪፕቲሊን ይባላል። በ1961 ለድባቴ ሕክምና የተፈቀደ፣ ዋጋው የረከሰ፣ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ፣ በእኛም አገር ሐኪሞች ለነርቭ ሕመም የሚያዝዙት ነው። ይህስ በሕብለ ሰረሰር ጉዳት ላይ እንዴት ተፈተነ?

በ2002 በታተመ የአሜሪካ ጥናት 84 ሰዎች ለስድስት ሳምንት ተፈተኑ። ጥናቱ አንድ ብልኃት ነበረው። አሚትሪፕቲሊን አፍ ያደርቃል፤ አፉ የደረቀ ታካሚ «አሃ! እውነተኛው ደርሶኛል» ብሎ ሊያውቅ ይችላል። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ለማነጻጸሪያ የሰጡት ባዶ ክኒን ሳይሆን እሱም አፍ የሚያደርቅ ሌላ መድኃኒት ነው። በዚህ ጥብቅ ፈተና አሚትሪፕቲሊን ወደቀ፤ ልዩነት አልታየም። በ2007 ሂዩስተን ውስጥ በጦር ሠራዊት ጡረተኞች ሆስፒታል ሌላ ጥናት ወጣ። አሚትሪፕቲሊን፣ ጋባፔንቲንና ማነጻጸሪያው በየተራ ለአንድ ሰው ተሰጡ። 38 ሰዎች ጀምረው 22 ጨረሱ። እዚህ ደግሞ አሚትሪፕቲሊን አለፈ፤ ያለፈው ግን የድባቴ ስሜት ከፍ ባለባቸው ሰዎች ላይ ነው። ጋባፔንቲን ከማነጻጸሪያው አልተሻለም። ይኸው ጋባፔንቲን ደግሞ በ2004 በታተመ የቱርክ ጥናት ረድቷል ተብሎ ነበር፤ የተሳታፊዎቹ ቁጥር ግን 20 ነው።

ልብ በሉ! አንዱ ወደቀ ይላል፣ ሌላው አለፈ ይላል፣ የተፈታኙ ቁጥር ከአንድ የገጠር ትምህርት ቤት የአንድ ክፍል ተማሪ አይበልጥም። በ2016 የወጣው የካናዳ የሕክምና መመሪያ ሦስቱንም፣ ማለትም ፕሪጋባሊንን፣ ጋባፔንቲንንና አሚትሪፕቲሊንን በመጀመሪያ ረድፍ አስቀምጧል። ከሦስቱ በየትኛው ይጀመር? ድሃው ታካሚ በርካሹ ቢጀምር ምን ያጣል? ይህንን ቁርጥ አድርጎ የሚመልስ፣ ሦስቱን በዚህ ሕመም ላይ ፊት ለፊት ያፋጠጠ ትልቅ ሙከራ የለም።

ለምን የለም ብላችሁ እንዳትጠይቁን፤ መልሱን ታውቁታላችሁ። ባለመብት የሌለው ርካሽ ክኒን ቢያሸንፍ የሚያተርፍ ኩባንያ የለም። ቢሸነፍም የሚከስር የለም። አሸናፊም ተሸናፊም ለሌለበት ጨዋታ ስታዲየም የሚከራይ ማን አለ?

ለምን ያህል ጊዜ?

የአውስትራሊያው ሙከራ መድኃኒቱን ከፕላሴቦ ጋር ያነጻጸረው ለ12 ሳምንት ነው። የአሚትሪፕቲሊኑ ስድስት ሳምንት። ሕመሙስ? ሕመሙ የዕድሜ ልክ ነው። በሃያ አምስት ዓመቱ የተጎዳ ልጅ ሠላሳና አርባ ዓመት ሊኖር ይችላል። ሠላሳ ዓመት ለሚዋጥ ክኒን የ12 ሳምንት ማስረጃ! ምጣዱ ሳይግል እንጀራው በሰለ እንደ ማለት ነው። ከዓመት በኋላ ክኒኑ ይሠራል ወይ? መጠኑ እየጨመረ ይሄዳል ወይ? ሲቆም ምን ይመጣል? ብሪታንያ በ2019 ፕሪጋባሊንንና ጋባፔንቲንን በሱስ አስያዥነት ምክንያት በቁጥጥር ሥር ካሉ መድኃኒቶች ተራ አስገብታለች። ይህንን የነገረን የ12 ሳምንቱ ሙከራ አይደለም፤ ጎዳናው ነው።

የተደበቀስ አለ?

አለ እንጂ። ጋባፔንቲን የተፈቀደው ለሚጥል በሽታ ነበር፤ በ2002 ደግሞ አልማዝ ባለጭራ ከለቀቀ በኋላ ለሚቀረው ሕመም ተፈቀደ። ሻጮቹ ግን ከዚያ በፊት ጀምረው ላልተፈቀደለት ሁሉ ያስተዋውቁት ነበር። በ2004 ዋርነር ላምበርት የተባለው የፋይዘር ኩባንያ ጥፋቱን አምኖ በጠቅላላው 430 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በ2009 ደግሞ አንድ የታወቀ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት የሚያስደነግጥ ምርመራ አወጣ። በፍርድ ቤት ክርክር የወጡ የኩባንያውን የውስጥ ሰነዶች ይዘው ተመራማሪዎች ላልተፈቀዱ ሕመሞች የተካሄዱ 20 የጋባፔንቲን ሙከራዎችን መረመሩ። ከ20ው የታተሙት 12 ብቻ ናቸው። ከ12ቱ በ8ቱ ላይ ደግሞ መጀመሪያ «ዋናው መለኪያችን ይህ ነው» ተብሎ የተጻፈው ሲታተም ሌላ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ምን ይመስላል መሰላችሁ? ማትሪክ ተፈትኖ ሒሳብ የወደቀ ልጅ ለአባቱ «እኔ እኮ ዋናው ፈተናዬ አማርኛ ነበር» እንደሚለው ነው። አባት ይስቃል ወይም ይቆጣል። የመድኃኒት ገበያ ግን ያጨበጭባል።

ያልታተመ ሙከራ የባከነ ገንዘብ ብቻ አይደለም። በዚያ ሙከራ ውስጥ ሰውነቱን የሰጠ ሰው አለ። ማዞሩን፣ ማቅለሽለሹን፣ የባዶ ክኒኑን ሌሊት የቻለው «ለሌላው ይጠቅማል» ብሎ ነው። ውጤቱን መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ ያንን ሰው መስረቅ ነው።

አንዱ ለሌላው አይሆንም

«ለነርቭ ሕመም የሚሆን መድኃኒት ካለ ለሁሉም ይሁን፤ ምን ተጨማሪ ፈተና ያስፈልገዋል?» የሚሉ አሉ። ይኸው ፕሪጋባሊን በሌላ ሕመም ምን እንደሆነ እንመልከት። ከኤችአይቪ ጋር በሚመጣው የነርቭ ሕመም ላይ ተፈትኖ ከፕላሴቦ አልተሻለም። ከወገብ ወደ እግር በሚወርደው የሻያቲካ ሕመም ላይ በአውስትራሊያ በ209 ሰዎች ተፈትኖ በ2017 የወጣው ውጤትም ያው ነው፤ ከባዶው ክኒን አልበለጠም፣ የጎንዮሽ ጉዳቱ ግን በለጠ። እንግዲህ አንዱን የነርቭ ሕመም ያበረደ ሌላውን አያበርድም። በ2025 መጀመሪያ አሜሪካ ሱዜትሪጂን የሚባል አዲስ ዓይነት የሕመም ማስታገሻ ስትፈቅድ ብዙ ተጨብጭቧል። የተፈቀደው ግን ለአጣዳፊ ሕመም ነው፤ የእኛዎቹ ሕመም ደግሞ አጣዳፊ አይደለም፣ አብሮ አደግ ነው። እያንዳንዱ ሕመም በራሱ ሰዎች ላይ ካልተፈተነ የምናዝዘው በግምት ነው።

«የሙከራ አይጥ» የምትሉን ሆይ

አሁን ክርክሩ ወደ ቤታችን ይገባል። «እኛም አገር ይፈተን» ስንል የሚመጣው መልስ ይታወቃል፤ «ፈረንጅ የሙከራ አይጥ ሊያደርገን ነው!» ፍርሃቱ ከሰማይ አልወረደም። በ1996 በናይጄሪያዋ ካኖ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ሲገባ ፋይዘር ትሮቫን የተባለ መድኃኒቱን ከሌላ መድኃኒት ጋር እያነጻጸረ በ200 ያህል ሕፃናት ላይ ሞከረ። ከሁለቱም ወገን በድምሩ 11 ልጆች ሞቱ። ወላጆች «ሙከራ መሆኑን በወጉ አልነገሩንም» አሉ፤ ኩባንያው የገደላቸው በሽታው ነው አለ። በ2009 ኩባንያው ከካኖ ግዛት ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። ይህንን የሚረሳ ሞኝ ነው።

ግን ከካኖ የሚወሰደው ትምህርት «አትፈትኑ» ነው ወይስ «ሳትጠይቁ፣ ሳታስረዱ አትፈትኑ»? ለእኛ ሁለተኛው ነው። ምክንያቱም ያልተፈተነ መድኃኒት የሚውጥ ሰው ከሙከራ አላመለጠም። እሱም ሙከራ ውስጥ ነው፤ ልዩነቱ መዝጋቢ የሌለው፣ ፈቃድ ያልተጠየቀበት፣ ቢጎዳ ማንም የማይቆጥረው ሙከራ መሆኑ ነው። ሐኪሙ አሚትሪፕቲሊን ይሰጣል፤ ሳይሠራ ሲቀር ጋባፔንቲን፤ ጋባፔንቲን ከፋርማሲ ሲጠፋ ትራማዶል፤ ከዚያ «ቻለው» ይላል። ይህ ምንድን ነው ታዲያ? በአንድ ሰው ላይ፣ ያለ ማስታወሻ፣ ዕድሜ ልኩን የሚካሄድ ሙከራ ነው። እውነተኛው የሙከራ አይጥ ይህ ሰው ነው። የቤተ ሙከራ አይጥስ ቢያንስ የሚመዘግባት አላት!

«አቅም የለንም» የሚለውንም አንቀበልም። ካላ አዛርን አስታውሱ። በ2003 ካርቱም ላይ የተመሠረተው የምሥራቅ አፍሪካ የካላ አዛር ተመራማሪዎች ጥምረት ጎንደርንና አርባ ምንጭን ይዞ መድኃኒት ፈተነ። 30 ቀን ይፈጅ የነበረው የመርፌ ሕክምና ሁለት መድኃኒት በማጣመር ወደ 17 ቀን ወረደ፤ በ2010 የዓለም ጤና ድርጅት ለምሥራቅ አፍሪካ ይህንኑ መከረ። መድኃኒት የተላመደውን ሳንባ ነቀርሳ በአጭር ጊዜ ለማከም የተካሄደውና በ2019 ውጤቱ የታተመው ዓለም አቀፍ ሙከራም ከአራቱ አገሮቹ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ሐኪሙም፣ ነርሱም፣ ቤተ ሙከራውም፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴውም አለ። የሌለው ጥያቄውን የሚያነሳ ሰው ነው።

የጥያቄው ዓይነትም እንደ ሞዴል ተቀምጦልናል። በ2022 ብሪታንያ ውስጥ በመንግሥት ገንዘብ የተካሄደ ሙከራ ውጤቱን አወጣ። በስኳር በሽታ በሚመጣ የነርቭ ሕመም ላይ አሚትሪፕቲሊንን፣ ፕሪጋባሊንንና ዱሎክሴቲንን አፋጠጠ። 130 ሰዎች ብቻ ናቸው የተተነተኑት። አንዱ ሲያቅት ሌላው እየተጨመረ እያንዳንዱ መንገድ 16 ሳምንት ተሄደበት። ውጤቱ፦ ሦስቱም መንገዶች እኩል አስታገሡ፤ በአንዱ ብቻ በቂ እፎይታ ያላገኙትም ሁለተኛው ሲታከልላቸው ተሻላቸው። አያችሁ? ርካሹ ከውዱ እኩል ቆመ። ይህንን ለማወቅ ተአምር አላስፈለገም፤ የሕዝብ ገንዘብና የታካሚ ጥያቄ በቃ። ይኸው ለስኳር ሕመምተኛ የተደረገው ለሕብለ ሰረሰር ጉዳተኛ የማይደረግበት ምክንያት ምንድን ነው?

ምን ይደረግ ትላላችሁ?

እኛ የምንለው ይህንን ነው።

አንደኛ፣ የጤና ሚኒስቴርና ዩኒቨርሲቲዎቻችን በሆስፒታሎቻችን የሚገኙትን መድኃኒቶች በዚህ ሕመም ላይ እርስ በርስ የሚያነጻጽር ሙከራ ያዘጋጁ። ከባዶ ክኒን ጋር ብቻ ሳይሆን እርስ በርስ። ከአንድ አገር በላይ ቢሆን ደግሞ ይሻላል፤ የመኪና አደጋው እንደሆነ ድንበር አያውቅም፣ ኬንያውም ኡጋንዳውም ያው ሕመም አለበት።

ሁለተኛ፣ ሙከራው ከመጀመሩ በፊት በመላው አፍሪካ የክሊኒካዊ ሙከራዎች መዝገብ ላይ ይመዝገብ፤ ዋናው መለኪያም እዚያ ይጻፍ። ውጤቱ ያስደስትም ያሳፍርም ይታተም። ማትሪኩን አማርኛ ነው የሚል ልጅ አንፈልግም።

ሦስተኛ፣ ሕመሙ በሰዎቹ ቋንቋ ይለካ። «ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ይሰጡታል?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። አማርኛችን ለሕመም ድሃ አይደለም፤ ያቃጥላል፣ ይለበልባል፣ ይነዝራል፣ ይወጋል፣ ይጠዘጥዛል፣ ይቆረጥማል፣ ይወረኛል ይላል። በፈረንሳይ ተዘጋጅቶ በ2005 የወጣው የታወቀው የነርቭ ሕመም መጠይቅ የሚለየው እኮ በእነዚሁ ቃላት ነው፤ ማቃጠል፣ የኤሌክትሪክ ንዝረት፣ መውረር፣ መደንዘዝ። «ይነዝረኛል» ያለውና «ይቆረጥመኛል» ያለው ሰው ሕመማቸው አንድ ላይሆን ይችላል። ኦሮምኛውም፣ ትግርኛውም፣ ሶማሊኛውም የራሱ ቃላት አለው። እንቅልፉም ይለካ፤ ሥራ መመለሱም ይለካ።

አራተኛ፣ ፈቃድ ማለት ወረቀት ላይ ማስፈረም አይደለም። ያነበበም ያላነበበም የሚገባው ማስረዳት ነው። «እምቢ ብትል ሕክምናህ አይቋረጥም» ተብሎ በግልጽ መነገር አለበት። ሙከራው ሲያልቅም መድኃኒቱ የረዳው ሰው «በል ደህና ሁን» ተብሎ አይሸኝ። የሄልሲንኪ መግለጫ ከሙከራ በኋላ የሚቀጥል ሕክምና አስቀድሞ ይታሰብበት ይላል። መንግሥታችንም በ2010 የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት ሲያጸድቅ ጤናን እንደ ምጽዋት ሳይሆን እንደ መብት ተቀብሏል።

አምስተኛ፣ ሙከራውን በሚያቅደው ጠረጴዛ ዙሪያ ዊልቸር ይኑር። ለፎቶ ሳይሆን ለድምፅ። ምን ይለካ፣ ምን ያህል ጊዜ፣ የትኛው የጎንዮሽ ጉዳት አይቻልም የሚለውን የሚያውቀው ሌሊቱን ያደረበት ሰው ነው።

የተፈተነው መድኃኒት መደርደሪያ ላይ ከሌለ ደግሞ ሁሉም ከንቱ ነው። በ2017 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን አንድ ቁጥር አውጥቷል፤ በዓመት በዓለም ላይ ከሚከፋፈለው 298.5 ቶን ሞርፊንና መሰሉ የሕመም ማስታገሻ ውስጥ ለድሃ አገራት የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው። ሞርፊን የዚህ ሕመም የመጀመሪያ መድኃኒት አይደለም፤ ቁጥሩ ግን የዓለምን ፍርድ ያሳያል። የድሃ ሕመም ሚዛን ላይ ሲወጣ ሚዛኑ አይንቀሳቀስም። ለእኛ ፈውስ ማለት ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው።

«በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚል ሌላ ተረትም አለን፤ የሰው ሕመም ለሌላው እንደማይሰማው የሚናገር መራር ተረት። የዚህ ሕመም ቁስሉ ደግሞ አይታይም። ደም የለው፣ እብጠት የለው፣ ራጅ ላይ አይወጣ። የሚታየው በሰውየው ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር ቃሉን በማመን ይጀምራል። ሙከራ ማለትም በመሠረቱ ሌላ ነገር አይደለም፤ «ያመኛል» ያለውን ሰው ቃል አምኖ፣ መዝግቦ፣ ቆጥሮ መልስ መስጠት ነው።

እነሱ በሽታቸውን አልደበቁም። ተናግረዋል። መልሱን የደበቅነው እኛ፣ ማለትም ገንዘቡ፣ ቢሮውና ብዕሩ ያለን ነን። በየሆስፒታሉ ያላችሁ ሐኪሞች፣ ሙከራ የምትፈቅዱ ባለሥልጣናት፣ የምርምር በጀት የምትይዙ ዩኒቨርሲቲዎች፦ ጥያቄው ከፊታችሁ ተቀምጧል። መልሱን ካተማችሁ፣ ይህ ገጽ በደስታ ያወጣዋል። ካላተማችሁ ደግሞ ጥያቄያችንን ደግመን እናወጣዋለን።

ቸር ይግጠመን።